ኒድልስ አይ ዋሻን በበረዶ ወራት በስኪ ስለ መፈለግ፦ በኤልዶራ በኩል መንገዱን የሚያውቅ አለ?

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ፣ በተለይም በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ ለምትኖሩ። በኮሎራዶ ግዛት ከኔደርላንድ ከተማ በላይ ካለው የኤልዶራ ስኪ ሜዳ ተነሥተን፣ በጄኒ ክሪክ ሸለቆ በኩል በክሮስ ካንትሪ ስኪ ወደ ያንኪ ዱድል ሐይቅ ለመውጣት፣ ከዚያም የሞፋት ባቡር ይሄድበት የነበረውን አሮጌ የሐዲድ መደብ፣ ማለትም ሐዲዱ ተነጥፎበት የነበረውን ጠፍጣፋ መሬት፣ ተከትለን ኒድልስ አይ ወደሚባለው ዋሻ ለመድረስ የምናስብ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም በተዘጋጀ የስኪ መስመር ላይ ያለ ችግር እንሄዳለን፤ ከመስመር ውጪ ግን ልምዳችን አነስተኛ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስቀምጥ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የዴንቨሩ ባለ ባንክ ዴቪድ ሞፋት ከተማዋን ከሶልት ሌክ ሲቲ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የባቡር ኩባንያ በ1902 አቋቋመ። ተራራውን ከሥሩ የሚበሳ ረጅም ዋሻ ለማስቆፈር ገንዘብ ስላልነበረው፣ ዋሻው እስኪሠራ ድረስ ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል በሚል ሐዲዱን በተራራው አናት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,560 ሜትር ያህል በሚደርሰው በሮሊንስ ማለፊያ አሳለፈው። ጊዜያዊ የተባለው ይህ መስመር ከ1904 እስከ 1928 ድረስ ሠራ። ሐዲዱ በ1930ዎቹ ተነቅሎ ተወሰደ፤ መደቡ፣ ጥቂት የእንጨት ድልድዮችና ኒድልስ አይ ግን እስካሁን አሉ። መስመሩም በ1980 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የጄኒ ክሪክ መንገድ ከሐዲዱ መደብ ጋር የሚገናኘው የት ላይ እንደ ሆነ፣ በረዶ ከሸፈነው በኋላ መደቡን ለይቶ ማወቅ ይቻል እንደ ሆነ፣ ከሐይቁ በላይ ያለው ክፍልም የእኛን ያህል ልምድ ላለው ሰው ይሆን እንደ ሆነ የሚያውቅ ቢነግረን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከጥያቄዬ በኋላ የመጡት ምላሾች ፍሬ ሐሳብ ነው። አንዳንዶቹ በጣም ረጅም ስለ ነበሩ፣ ጥቂቶቹንም ጸሐፊዎቻቸው ኋላ ላይ ስለ ሰረዟቸው፣ ተራ ቁጥራቸውን ጠብቄ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። ቦልደር የሚኖሩ አንዲት እኅት በትሕትና መንገዱን ዘርዝረው አስረዱ። መነሻው ከጀማሪዎች መለማመጃ ተዳፋት ጎን ሲሆን ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደ ጄኒ ክሪክ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠዋት በደስታ የተንሸራተቱበት ቁልቁለት ማታ ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። እስከ ሐይቁ ድረስ በአንድ አቅጣጫ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁም 3,265 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። መደቡ ሐይቁን ከብቦ ስለሚያልፍ እዚያ የደረሰ ሰው ሊስተው አይችልም አሉ። በተጨማሪም ኤልዶራ በነፋስ የታወቀ ቦታ መሆኑን አስታውሰው፣ በማለዳ እንድንነሣና ከቀትር በኋላ ወደ ላይ መውጣቱን እንድንተው መከሩን።

ምላሽ 2። ታሪክ አዋቂ የሚመስሉ ሰው ሁለት ዋሻዎች እንዳይምታቱብን አሳሰቡ። ሞፋት ዋሻ የሚባለው፣ ዛሬም ባቡር የሚያልፍበት፣ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ትልቁ ዋሻ ነው። ሞፋት ራሱ ግን አላየውም፤ በ1911 ሀብቱን በሐዲዱ ላይ ጨርሶ ሞተ። ዋሻው ሊቆፈር የቻለው በ1921 የፑብሎን ከተማ ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ፣ የኮሎራዶ ምክር ቤት በ1922 ባደረገው ልዩ ስብሰባ፣ ለጎርፍ መከላከያ የደቡቡን ድጋፍ፣ ለዋሻው ደግሞ የሰሜኑን ድጋፍ ያጣመረ ስምምነት ስለ ተደረሰ ነው። ቁፋሮው በ1923 ተጀምሮ የመጀመሪያው ባቡር በየካቲት 1928 አለፈ። ኒድልስ አይ ከዚህ ፍጹም የተለየ፣ በማለፊያው አቅራቢያ አንድ የዐለት ጉብታ ተበስቶ የተሠራ አጭር ዋሻ ነው። በ1990 ከጣራው ዐለት ወድቆ ሰው ስላቆሰለ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ብንደርስም ከውጭ አይተን ከመመለስ በቀር ውስጡ እንዳንገባ አጥብቀው አስጠነቀቁ።

ምላሽ 3። ይህ ምላሽ ብዙ ድጋፍ አገኘ፤ የኋላውንም ጭቅጭቅ ሁሉ የወለደው እርሱ ነው። ጸሐፊው የሞፋት መስመር ትልቁ ዳገት 4 በመቶ ብቻ መሆኑን ጠቅሶ፣ ባቡር የወጣውን ዳገት ሰው ሊፈራው እንደማይገባ፣ መደቡን እስካገኘን ድረስ ከሐይቁ እስከ ዋሻው ያለው መንገድ ሕፃን ልጅ የሚሄደው እንደ ሆነ አስረግጦ ጻፈ። ጥያቄያችን በሙሉ መደቡን የማግኘት ጥያቄ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው አለ።

ምላሽ 4። አንዲት እናት ተቆጡ። ባለፉት ዓመታት የዕድራቸው ገንዘብ የወጣው ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ እንደ ነበረ፣ ሥራና ልጆች ያላቸው ሰዎች ለጨዋታ ብለው በበረዶ ተራራ ላይ መንከራተታቸው ግን ሊገባቸው እንዳልቻለ ጻፉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለምላሽ 3 ጸሐፊ ነው አሉ። አነጋገራቸው ሻካራ ነበር፤ ሆኖም ለምላሽ 3 የተሰጠው የመጀመሪያው ትክክለኛ ተቃውሞ የእርሳቸው መሆኑን ከጭቅጭቁ በኋላ ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምላሽ 5። ለእናታችን መልስ ለመስጠት የሞከረው ወጣት ጉዳዩን ወደ ሌላ ወሰደው። ስኪ የእኛ አይደለም የሚባለውን ለማስተባበል፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ በክሮስ ካንትሪ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩንና በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ መሆኑን አስታወሰ። እውነት ነው፤ ያስደስታልም። ነገር ግን እናታችን የጠየቁት ማን ስኪ መሄድ ይችላል ሳይሆን ማን በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል ነበር።

ምላሽ 6። የበረዶ ናዳ ሥልጠና የወሰደና ዓመታት በተራራ የተመላለሰ አባል ረጅም ጽሑፍ አቀረበ፤ በእኔ ግምት የውይይቱ ዋና ምላሽ ይህ ነው። የምላሽ 3 ቁጥር ትክክል መሆኑን በማመን ጀመረ። 4 በመቶ ማለት በ100 ሜትር ርዝመት 4 ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ ወደ ዲግሪ ሲለወጥ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ ግን ከስኪው ሥር ያለው ዳገት ነው። ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ መደቡ ደግሞ ከሐይቁ በላይ የተቆረጠው ልክ እንደዚህ ካለ ተዳፋት ወገብ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ለባቡሩ ለስላሳ መንገድ ያገኙት ተራራውን አስተካክለው ሳይሆን በተራራው ጎን ላይ እየተጠማዘዙ ነው። በሁለት ዲግሪ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን ሠላሳ አምስት ዲግሪ አያየውም።

ቀጥሎም የኮሎራዶ በረዶ ለምን ክፉ ስም እንዳተረፈ አብራራ። በወቅቱ መጀመሪያ የሚጥለው ስስ በረዶ በረጅምና በጠራ ሌሊት ቅዝቃዜ ውስጡ ተለውጦ እንደ ስኳር የሚፈስ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ቅንጣት ይሆናል። በላዩ ላይ ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ከተራራው አናት ጠርጎ ያመጣውን በረዶ በምሥራቁ ጎን፣ ማለትም እኛ ልንሄድ ባሰብንበት ጎን፣ ከባድና ደልዳላ ንጣፍ አድርጎ ያከማቸዋል። ጠንካራው ንጣፍ በደካማው ላይ ተቀምጦ ሰው ወይም አዲስ በረዶ እስኪነካው ይጠብቃል። ከዚህም የባሰው፣ ከተዳፋቱ ግርጌ በሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው እንኳ ክብደቱ ከላይ ያለውን ንጣፍ ሊያስነሣ መቻሉ ነው። በናዳ ከሚያዙት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም አብረዋቸው ያሉ ናቸው፤ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉም ከ15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሳይዝ፣ አጠቃቀማቸውንም ሳይለማመድ፣ ከሐይቁ በላይ አንድ እርምጃ እንዳይወጣ አሳሰበ። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየዕለቱ የሚያወጣውን ትንበያም ከመነሣታችን በፊት እንድናነብ ጠየቀ።

ምላሽ 7። የምላሽ 3 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ፤ አነጋገሩ አሁን ተለወጠ። ምላሽ 6ን ሥልጠና ሸጭ ብሎ ሰደበ፤ በዚያ አካባቢ በየሳምንቱ የስኪ ዱካ እንደሚታይ፣ የሄዱትም ሰዎች በሰላም ወደ ሥራቸው እንደ ተመለሱ ተከራከረ።

ምላሽ 8። ምላሽ 6 አጭርና ስለታም መልስ ሰጠ። ዱካ የሚያሳየው ሰው ማለፉን እንጂ ቦታው ደኅና መሆኑን አይደለም፤ አንዱ ንጣፍ አምስት ሰው ካሳለፈ በኋላ ከስድስተኛው ጋር ሊወርድ ይችላል አለ። ተከራካሪው የትንበያውን ሰንጠረዥ አንብቦ እንደሚያውቅ ጠየቀውና መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ምላሽ 9። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት በጸጥታ ገቡ። አባታቸው በፈረንሳዮቹ የጅቡቲ መስመር ላይ የባቡር ሾፌር እንደ ነበሩ ነግረውን፣ የ4 በመቶውን ነገር ከባቡር ሰው ወገን ተመለከቱት። በሐዲድ ላይ የብረት ጎማ በብረት ላይ ስለሚሄድ የመቆንጠጥ ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ባቡር ሠሪዎች በተቻለ መጠን ዳገቱን ከ2 በመቶ በታች ማድረግ የሚወዱትም ለዚህ ነው። አራት ማለት ሎኮሞቲቭ ላይ ሎኮሞቲቭ ቀጥሎ ጥቂት ፉርጎዎችን በመከራ መጎተት ማለት ነው። አባታቸው ጎማው ሲንሸራተት ሐዲዱ ላይ አሸዋ ይረጩ እንደ ነበር፣ አሸዋውም በቧንቧ ስለሚወርድ አስቀድሞ በእሳት መድረቅ እንዳለበት፣ እርጥብ ከሆነ ቧንቧውን ደፍኖ ዳገቱ መካከል እንደሚያስቀር በልጅነታቸው ያዩትን አጫወቱን። ከዚህ ተነሥተው ለምላሽ 3 ጸሐፊ ልጄ ብለው እንደ ጻፉለት፣ ያ ቁጥር የተለካው ለሎኮሞቲቩ ጉልበት እንጂ ለተራራው ጠባይ አይደለም። እኔ በበኩሌ ምላሽ 6 በብዙ አንቀጽ የተናገረውን እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሱት መሰለኝ።

አያይዘውም በማለፊያው አናት ላይ ኮሮና ይባል ስለ ነበረው ጣቢያ ጻፉ። ሐዲዱ እዚያ የሚያልፈው በረዶ እንዳይቀብረው በተሠራ የእንጨት ጣራ ሥር ነበር፤ ሆቴልና ምግብ ቤትም ነበረው። ጣራው በረዶውን ቢያስቀርም የድንጋይ ከሰሉን ጭስ አፍኖ ስለሚይዝ ሠራተኞቹን ያስቸግር ነበር። በእንፋሎት የሚዞር ትልቅ ምላጭ የተገጠመለት የበረዶ መጥረጊያ በሎኮሞቲቮች እየተገፋ መንገዱን ይከፍታል፤ እንዲያም ሆኖ ባቡሮች ለቀናት ተቀብረው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ምላሽ 10። ሌላ አባል ከናካቴው በምዕራቡ ጎን፣ በዊንተር ፓርክ በኩል እንድንወጣ ሐሳብ አቀረበ። እዚያ ራይፍልሳይት ኖች የሚባል የእንጨት ድልድይ ቆሞ ይገኛል። ባቡሩ በድልድዩ ላይ ካለፈ በኋላ በሰፊ ቀለበት ዞሮ ወደ ታች እየወረደ፣ በዚያው ድልድይ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ይወጣ ነበር፤ ዋሻው ዛሬ ፈርሷል። ለዓይን ከኒድልስ አይ የበለጠ የሚያስደንቅ እንደ ሆነ ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ግን መንገዱ በጣም ረጅም ነው፤ የስኖውሞቢል መንገድም ስለ ሆነ ሞተሩንና ጭሱን መታገሥ ያስፈልጋል።

ምላሽ 11። ይህች እኅት ላብ ማፍሰሱ ለምን አስፈለገ ብላ ጠየቀች። ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ወደ ዊንተር ፓርክ የሚሄደው የስኪ ባቡር በ1940 ተጀምሮ፣ በ2009 ተቋርጦ፣ በ2017 እንደገና የተመለሰ መሆኑን ነግራን፣ ተሳፋሪው ሙቅ መቀመጫው ላይ ሆኖ በትልቁ ዋሻ ማለፍ እንደሚችል አመለከተች። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሳለ ጭስ እንዳይገባ ተሳፋሪዎች ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እንዳይዘዋወሩ ይነገራቸዋል። ከምሥራቁ በር ላይ ባቡሩ ካለፈ በኋላ በሩ ተዘግቶ በትላልቅ ማራገቢያዎች ጭሱ እንደሚወጣም ጨመረች። ልጆች ላላችሁ ከሁሉ የሚሻለው ምክር ይህ ነው።

ምላሽ 12 እና 13። ከዋሻው ጎን ለቁፋሮው ሥራ የተበሳው ትንሹ ዋሻ ከ1936 ጀምሮ ከምዕራቡ ተራራ ወደ ዴንቨር ውኃ የሚያመጣ መሆኑን አንዱ አንሥቶ፣ ቡናችን ሁሉ በሞፋት ውኃ ይፈላል አለ። ወዲያው ሌላው የአውሮራ ከተማ የራሷ የውኃ ድርጅት እንዳላት አስታውሶ አረመው። ሁለቱ ስለ ወርኃዊ የውኃ ክፍያ ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ፤ እርሱን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 14። ውይይቱ ሊዘጋ ሲል፣ ጥያቄዬን አንብበው ቀድመውን የሄዱ ባልና ሚስት ያዩትን ጻፉ። በዕለቱ ትንበያው ዝቅተኛ አደጋ ያሳይ ነበር፤ እነርሱም ከሐይቁ ላለማለፍ አስቀድመው ተስማምተው ነበር። እስከ ሐይቁ ድረስ ጫካው ከነፋስ ይከልላል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ከስኪው ሥር የሚለጠፈው ጨርቅ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻዎቹን ዳገቶች አይችሏቸውም ነበር። ከዛፎቹ ሲወጡ ነፋሱ የሐይቁን በረዶ ጠርጎት ሰማያዊው ግግር ባዶውን ተጋልጦ አገኙት። በዳርቻው የተቆለለ የድንጋይ ክምር ከበረዶው በላይ ይታይ ነበር፤ ይህም ከሞፋት መስመር በፊት በ1880ዎቹ ተጀምሮ ከቀረ ሌላ የዋሻ ቁፋሮ የወጣ ነው።

በጥያቄዬ ላይ የሰጡት መልስ ግን ከዚህ ቀድሞ ማንም ያላነሣውን ነገር ይዞ መጣ። መደቡ ከሐይቁ ዳር በግልጽ ይለያል፤ በተራራው ጎን ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አንድ ወጥ ጠርዝ ነው፤ ተፈጥሮ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ስለማትሠራ በበጋ ከሚታየው ይልቅ በበረዶ ጎልቶ ይወጣል። ወደ ላይ ራቅ ባለው ክፍል ግን ነፋሱ ያመጣው ክምር የመደቡን ጠፍጣፋ ወለል ሞልቶት፣ መደቡና ተራራው አንድ ተዳፋት ሆነዋል። እዚያ ቦታ 4 በመቶ የሚባል መንገድ የለም፤ የሚሄደው ሰው በቀጥታ በተራራው ጎን ላይ፣ ስኪውን በጠርዙ እያስነከሰ፣ ከሥሩ ረጅም ቁልቁለት እያየ ማለፍ ይኖርበታል። ይህን በሩቅ ማያ መነጽር አይተው ምሳቸውን በልተው ተመለሱ። ዋሻውን አላዩትም።

ምላሽ 15። የምላሽ 3 ጸሐፊ ይህን ካነበበ በኋላ መደቡ በዚያ ዓይነት መሞላቱን አላውቅም ነበር ብሎ ጻፈ፤ ስለ ስድቡ ግን ምንም አላለም። ምላሽ 6 ስለዚያ ሳያነሣ፣ እስከ ሐይቁ ብቻ ለሚሄዱት እንኳ ቢሆን ከተዳፋቶቹ ግርጌ ራቅ ብለው ምሳ እንዲበሉ መከረ።

ምላሽ 16። በምላሽ 4 የተቆጡት እናት ተመልሰው፣ አሁንም እንደማይስማሙ ገልጸው፣ መሄዳችን ካልቀረ ግን የሁላችንን ስም፣ የመኪናችንን ሰሌዳና የመመለሻ ሰዓታችንን ለአንድ ቤት ለሚቀር ሰው ጽፈን እንድንተው አዘዙን። ያ ሰው ማን ይሁን ብዬ ስጠይቃቸው ስልካቸውን በግል መልእክት ላኩልኝ።

ስለዚህ ጉዟችን እስከ ያንኪ ዱድል ሐይቅ ብቻ ሆኖ፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ከአውሮራ እንነሣለን፤ የናዳ ትንበያው ዓርብ ማታ ከመካከለኛ በላይ ካሳየ ይቀራል። ኒድልስ አይን ነሐሴ ላይ በእግር እንሄድበታለን። ተጨማሪ የምልክት ማስተላለፊያ የሚያከራይ ሱቅ የሚያውቅ ሰው እዚሁ ሥር ቢጽፍልን መልካም ነው፤ ሁለት ይጎድሉናል።